ከነበጋችን አዲስ አበባ

አዲስ አበባ ደርሶ የተመለሰ ሰው መንዝ ውስጥ፣ እኛ ዘመሮ ላይ ከአውቶብስ ሲወርድ የሚጠብቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ምን አየህ?» የሚል። መልሱ ግን እንደየሰዉ ነው። የደብራችንን ቄስ ብትጠይቋቸው ያዩት ደብር ብቻ ነው፤ ከደብር ደብር የሚያደርስ መንገድ መኖሩንም ልብ ያሉት አይመስሉም። ነጋዴውን ብትጠይቁት ከተማዋ ሁሉ መርካቶ ናት። አንድ ጎረቤቴ ደግሞ የአንድ ሕንጻ ሊፍት ውስጥ ገብቶ፣ ጥበቃው እስኪያስወጣው ድረስ ሲወጣ ሲወርድ ውሎ መጣና እስከ ዛሬ ከሊፍት ሌላ ወሬ የለውም። እኔን ደግሞ... እኔን ባትጠይቁኝ ይሻል ነበር። ግን የዘመሮ ሰው ስላልሆናችሁ ልንገራችሁ።

አዲስ አበባ የሄድኩት አንበሳና ሙዚየም ልይ ብዬ ነው እላለሁ። ውሸቴን ነው። የሄድኩት ከባለቤቴ ከአስካለ ጋር ጎን ለጎን ለመሄድ ነው። አትሳቁ። እኛ አገር ባል ከፊት ይሄዳል፣ ሚስት ከኋላ ትከተላለች፤ ወደ ገበያም ቢሆን፣ ወደ ቤተ ክርስቲያንም ቢሆን፣ ወደ ለቅሶም ቢሆን። ማን እንዳዘዘው የሚያውቅ የለም። እኔ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረብኝ፤ የማስተምርበት ትምህርት ቤት የሥርዓተ ፆታ ክበብ ተጠሪ ነበርኩ። በዚያ ዘመን ስልጠና እንደ ጉድ ይጎርፍ ስለነበር እኔም ሰልጥኜ መጥቼ፣ ሰንደቅ ዓላማው ሥር ቆሜ ስለ እኩልነት ድምፄ እስኪዘጋ እሰብካለሁ። ከዚያ የገበያ ቀን ይመጣና እኔ ከፊት፣ አስካለ ከኋላ ሆነን ገበያ እንወርዳለን። እዚያው ዘመሮ ላይ ጎን ለጎን ብትሄዱስ ትሉኝ ይሆናል። ደፋር ብሆን ጥሩ ነበር። «መምህሩን ሚስቱ አሸነፈችው» ሲባል በጆሮዬ ከምሰማ፣ ማንም የማያውቀኝ ከተማ ሄጄ እኩልነቴን በድብቅ ልፈጽም ወሰንኩ።

በመንፈቅ ዓመቱ እረፍት «ሁለት ቀን አዲስ አበባን ላሳይሽ» አልኳት። አስካለ ደስ አላት፤ ወዲያው ግን «ለእትዬ እታገኝ በግ እንያዝላቸዋ!» አለች። እትዬ እታገኝ ሽሮ ሜዳ የሚኖሩ አክስቴ ናቸው፤ የምናርፈውም እሳቸው ዘንድ ነው። ከመንዝ ተነስቶ ዘመድ ቤት ባዶ እጁን የሚገባ ሰው የለም፤ ስለዚህ አንድ ጥቁር የበግ ሙክት አውቶብሱ ጣሪያ ላይ ተጭኖ አብሮን ተጓዘ። ደብረ ብርሃን አድረን በማግስቱ ረፋድ ላይ አክስቴ ደጅ ስንደርስ በሩ ተቆልፏል። ለቅሶ ሄደዋል፤ የሚመለሱት ማታ ነው። ሞባይል ገና እኛ ዘንድ አልደረሰ፣ መምጣታችንን በምን ይወቁ? ጎረቤታቸው ደግ ሴት ነበረች። «በጉን እኔ ላቆይላችሁ፤ እናንተ ዞር ዞር በሉ» አለችን። አስካለ ገመዱን ልትሰጣት ስትል እጇን ያዝኳት። ሴትየዋ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ሽንኩርት እየከተፈ በግ ላቆይላችሁ የሚል ሰው እናንተስ ታምናላችሁ?

ጉብኝታችን ከነበጋችን ተጀመረ። በግ ነድታችሁ የምታውቁ ከሆነ የደረሰብኝ ወዲያው ይገባችኋል። መኪና ያስበረገገው ሙክት አንድ ሰው ከፊት ካልጎተተው፣ አንድ ሰው ከኋላ ካልገፋው ንቅንቅ አይልም። እኔ ገመዱን ይዤ ከፊት፣ በጉ ከመሃል፣ አስካለ ከኋላ። ዘመሮ ላይ ቢያንስ በመካከላችን በግ አልነበረም! ሙዚየም የገባነው በተራ ነው፤ እኔ ድንቅነሽን ሳይ እሷ ውጭ ገመድ ትይዛለች፣ እሷ ስትገባ እኔ እይዛለሁ። ከረባት ስላሰርኩ የተማረ ሰው መሆኔ ይታወቃል ብዬ ነበር። አላፊ አግዳሚው ግን ከረባቴን ከቁም ነገር ሳይቆጥር «ስንት ነው?» ይለኛል። አንዱማ ቆሞ ጀርባውን ዳበሰና፣ ጥርሱን ገልጦ አየና፣ «ትንሽ ከስቷል» ብሎኝ መንገዱን ቀጠለ።

አንበሳ ግቢ በር ላይ ስንደርስ ዘበኛው በጉን አየ፣ እኔን አየ፣ «የአንበሶቹ ምሳ በሌላኛው በር ነው የሚገባው» አለኝ። ይቀልድ ይሁን ከልቡ ይሁን እስካሁን አላወቅኩም። የምመልስለትን ሳስብ ከውስጥ አንበሳ አገሳ። በጋችን አንበሳ አይቶ አያውቅም፤ ግን ማንም ሳይነግረው ገባው። እግሩን አጥፎ አስፋልቱ ላይ ተኛ። ብጎትተው፣ ብትገፋው፣ ወይ ፍንክች! ታክሲዎቹ ጡሩንባ ይነፋሉ፤ ረዳቶቹ በመስኮት ብቅ ብለው ይስቃሉ። ሲጨንቀኝ ከረባቴን ወደ ኋላዬ ወርውሬ ሙክቱን ትከሻዬ ላይ ተሸከምኩት።

ያን ጊዜ አስካለ ጎኔ መጣች። እውነቴን ነው፤ ትከሻ ለትከሻ ሆንን። ያሰብኩት ሊሳካ ነው ብዬ ልቤ ሞቅ አለ። ቀስ ብዬ ዞር ስል የበጉን ግንባር እያሻሸች «አይዞህ የኔ ጌታ፣ አይዞህ» ትለዋለች። ለእኔ እንደዚያ ብላኝ አታውቅም። እሷ እያባበለችው፣ እኔ እያለከለክሁ፣ ሽቅብ ሽሮ ሜዳ ወጣንና ማታ ለአክስቴ አስረከብናቸው።

በማግስቱ ጧት እጃችን ባዶ ነው። ወደ ፒያሳ በእግራችን ወረድን። መንገዱ ሰፊ ነው፤ የሚያውቀኝ የለም፤ ሰበብም የለኝም። እርምጃዬን ቀነስኩ፤ አስካለም ቀነሰች። ቆምኩ፤ ቆመች።

«ምን ሆንክ? አመመህ እንዴ?» አለችኝ ከኋላዬ።

«ነይ እንጂ፤ ጎኔ ሁኚ።»

«ምነው? ሰው ይስቅብናል!»

«ማን ያውቀናል እዚህ? እኔ እኮ የመጣሁት ለዚሁ ነው» አልኳት።

መጣች። ሄድን። ስለ እኩልነት ስንት የምለፈልፈው ሰውዬ የምናገረው ጠፋኝ፤ እጄን የማደርግበት ጠፋኝ፤ ክንዳችን በተነካካ ቁጥር «ይቅርታ» እንባባላለን። ግን ደስ ብሎኝ ነበር፤ እንደ ሙሽራ እየፈራሁ ደስ ብሎኝ ነበር። ጥቂት እንደሄድን አስካለ ቆመች።

«ከፋሽ?»

«ኧረ አልከፋኝም። አንተን ማየት አቃተኝ እንጂ» አለች። «ከኋላህ ስሆን እኮ አንተን እያየሁ ነው የምሄደው። ስብሰባ ላይ የተጣላህ ዕለት ትከሻህ ይወርዳል። ደስ ያለህ ዕለት አንገትህ ብቻውን ይዘፍናል። እዚህ ጎንህ ሆኜ የማየው ሕንጻ ብቻ ነው።»

እናንተዬ! ለካስ ከተጋባን ጀምሮ በእሷ ዓይን ስጎበኝ የኖርኩት እኔ ነኝ። ያውም ኮቴ ከጀርባው የተጣፈው፣ እግሬ ወልገድ የሚለው እኔ። እኔስ ስለ እሷ አካሄድ ምን አውቃለሁ? ብዬ አሰብኩ። ምንም። ሚስቴ ከፊቴ ስትሄድ አይቻት አላውቅም።

«እንግዲያው ዛሬ አንቺ ቅደሚ» አልኳት።

አፏን በነጠላዋ ሸፍና እየሳቀች ቀደመች። እኔ ተከተልኩ። እጇ ባዶ ነው፣ ጀርባዋም ባዶ ነው፤ ግን ወገቧን ጎበጥ አድርጋ፣ አንገቷን ወደፊት ሰግጋ፣ በውሃ የተሞላ ጀሪካን ያዘለች ይመስል ነው የምትሄደው። የሥርዓተ ፆታ ክበብ ተጠሪ ሚስት ናት እንግዲህ።

«እንዴት ነው? አካሄዴ ያምራል?» አለችኝ ሳትዞር።

«ያምራል» አልኳት። ደግነቱ ከኋላዋ ነበርኩና ፊቴን አላየችውም።