ቴአትሩን ያስታረቁት ጋሽ ተሰማ

ጠብ ሲያዩ የማያስችላቸው ሽማግሌ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኛ አሜሪካ፣ ኦሮራ ከተማ ውስጥ ጋሽ ተሰማ አሉን። አንድ የድሮ ኮሜዲ ቴአትር በስመ ጥር ተዋናዮች እንደገና ሲታይ፣ እሳቸውን ከጎረቤት ሰፈር ከፓርክ ሂል በመኪናዬ ያመጣኋቸው እኔው ነኝ፤ ጥፋቴን አልክድም።

መጋረጃው እንደተከፈተ በቴአትሩ ውስጥ ያሉት ባልና ሚስት ተጣሉ። እኛ ሳቅን። ጋሽ ተሰማ ከዘራቸውን ይዘው መድረኩ ላይ ወጡ።

«በሰው አገር፣ በሰው ፊት ገመና ይዘከዘካል? በሉ ይቅር ተባባሉ!»

«ጋሼ፣ ቴአትር እኮ ነው!» አለ ባልየው።

«ሁሉም ባል እንደዚያ ነው የሚለው!»

የሽማግሌ ቃል እንዴት ይረገጣል? ተሳሳሙ። የሁለት ሰዓቱ ጠብ በአስር ደቂቃ በረደ፤ መጋረጃው ተዘጋ።

እኛ ታዳሚዎቹ ግን ጋሽ ተሰማን እንዳኮረፍን አለን። ማን ያስታርቀን? ያለን አስታራቂ እሳቸው ብቻ ናቸው!