ዘንበሮ ማን ናቸው?

መካነ ሰላም ገበያ መሃል ቆማችሁ "ዘንበሮ!" ብላችሁ ብትጣሩ ሰባት ሰው "አቤት" ይላችኋል። አትሞክሩት ብቻ። ሰባቱም ሥራቸውን ትተው ይመጡና የትኛውን እንደፈለጋችሁ እናንተው ይጠፋችኋል። እኔ ሞክሬዋለሁ፤ አንዱ ልጄ ስለሆነ።

ደግሞ ከመካነ ሰላም ወጣ በሉና ስሙን ፈልጉት። ወረኢሉ የለም። ኩታበር ላይ አንድ ባለሱቅ ስሙን ሲሰማ "እሱን ጨርሰናል፣ ለቅዳሜ ይመጣል" ብሎኛል። ታዲያ ከየት መጣ? ምን ማለት ነው? እያሉ ስንት ዓመት ጠየቁኝ መሰላችሁ። መምህር ነበርኩ፤ መምህር ደግሞ አላውቅም አይልም። ዛሬ ሊቆጡኝ የሚችሉት ሽማግሌዎች ሁሉ ስላረፉ ልናገረው።

ባለቤቴ ዘሃራ ከዚህ ልጅ በፊት ሁለት ወልዳ ሁለቱንም ቀብራለች። በእኛ አገር ልጅ ያልቆመላቸው ወላጆች ለሦስተኛው ስም ለማውጣት አፋቸውን አይከፍቱም። ስሙን የሚያወጣው ሳያስበው ደጃፉን የረገጠ መንገደኛ ነው። ጎረቤት አይሆንም፣ ዘመድም አይሆንም። ሞት የቤቱን ሰው ድምፅ ለምዶታል፣ የእንግዳ ድምፅ ግን ያሳስተዋል ይላሉ። እኔ የመምህራን ማሠልጠኛ ጨርሼ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ በዚህ አላምንም። አላምንም ግን ዝም አልኩ። ሁለት ልጅ የቀበረ ሰው ምን ብሎ ይከራከራል?

ሦስተኛው የተወለደው በዚያ ክፉ ቀን ነው። ስለ ክፉ ቀኑ ብዙ አላወራም፤ የጀመርኩት ወግ ነው። መንገዱ በሰው ተሞልቶ ነበር ልበልና ልለፈው። ከቆላም ከደጋም የተነሳ ሰው በደጃችን ያልፋል፤ ሲመለስ ያየነው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ የመንገደኛ እጥረት አልነበረብንም።

የቸገረን መጀመሪያ ደጃፉን የሚረግጠው ነው። ዘሃራ በወለደች በማግስቱ አክስቷ በር ላይ ተቀምጣ እንግዳ ስትጠብቅ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ግብር ሰብሳቢው! አክስቷ ዘላ በሩን ዘጋችበት። እሱ ከውጭ ይጮሃል፤ እሷ ከውስጥ "እቤት ውስጥ ማንም የለም!" ትለዋለች፤ ሕፃኑ ያለቅሳል። ደክሞት ሄደ። እግሩ ደጃፉን ስላልረገጠ አይቆጠርም ተብሎ ተወሰነ። እውነት ግን፣ ግብር ሰብሳቢ ስም ያወጣለት ልጅ ሲያድግ ምን ሊሆን ነው?

ቀጥሎ የመጣው አጥንቱ የሚቆጠር ረጅም ሰው ነበር። ሙሄ እባላለሁ፣ ከወግዲ ወዲያ ካለው ቆላ ነኝ አለ። አክስቷ ከነበረችን ቆሎ አንድ እፍኝ ሰጠችውና ልጁን አሳየችው። ስም አውጡለት አለችው። ሰውየው ሕፃኑን አየው፣ አየው፣ ዓይኑ እንባ ሞላ። ከዚያ ዘንበሮ በሉት አለ። አላህ ያሳድገው ብሎ መረቀና መንገዱን ቀጠለ። ምን ማለት ነው ብሎ የጠየቀው የለም። እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ፤ ስመለስ ልጄ ዘንበሮ ሆኖ ጠበቀኝ።

ልጁ ኖረ። በዚያ ዓመት መኖር ራሱ ብርቅ ነው፣ የእኛው ጭራሽ ጉንጭ አወጣ። የዘሃራን ልጅ ያቆመው ስሙ ነው ተባለ። ተባለና በሁለት ዓመት ውስጥ ሰፈሩ ላይ ስድስት ዘንበሮ ተጨመረ። ሁለቱ ክርስትና የተነሱ ናቸው። አንዷ ሴት ናት። አባቷ ለሴት አይሆንም ቢል፣ እናቷ ሞት ሴትና ወንድ ይለያል እንዴ ብላ አፉን አስያዘችው።

ስም ሲበዛ ትርጉሙ ይጠየቃል። የሚጠየቀው ማን ነው? መምህሩ። "ስምን መልአክ ያወጣዋል" ብዬ ለመሸሽ ሞከርኩ፤ አልተለቀቅኩም። ወደ ዘሃራ አጎት ወደ ሸህ ሰይድ ሄድኩ። ሸሁ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩና ዘንበሮ ከዓባይ ማዶ የተቀበሩ ወሊይ ናቸው አሉኝ። ጎረቤታችን ቄስ ታደሰ ይህን ሰሙ። ዘንበሮ ሰማዕት ነው፣ በዓሉ የሚውልበትን ቀን ብቻ ዘንግቼዋለሁ፣ መጽሐፍ ላይ አገኘዋለሁ አሉ። እኔ በአባቴ እስላም በእናቴ ክርስቲያን ስለሆንኩ ለሁለቱም እሺ አልኩ።

በዚህ መሃል አብዮቱ ፈነዳ። ከአዲስ አበባ ዘማች ተማሪ መጣ፤ ጢሙ ገና ያልበቀለ፣ ዕውቀቱ ግን በቅሎ ያለቀ። የልጆቹን ስም ሲሰማ ደስ አለው። ዘንበሮ ከቅኝ ገዢዎች ጋር ሲዋጋ የወደቀ የጭቁኖች ታጋይ ነው አለ። የት አገር ነው ስለው አፍሪካ አለኝ፤ ትንሽ ቆይቶ እስያ አለኝ። በስብሰባ ላይ ሰባቱን ሕፃናት ከነእናቶቻቸው አስነስቶ አስጨበጨበላቸው። ሸህ ሰይድም አጨበጨቡ፣ ቄስ ታደሰም አጨበጨቡ፣ እኔም አጨበጨብኩ። ለማን እንዳጨበጨብኩ ግን አላውቅም። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች አሉ። እሷስ አንድ ዘመድ ታውቃለች።

ልጁ ሦስት ዓመት ሊሞላው ሲል ኩፍኝ ያዘው። ክፉኛ ያዘው። የጤና ጣቢያው ድሬሰር መድኃኒት ሰጠና ቀኑን ይጠብቅ አለ። ሸህ ሰይድ ዱዓ አደረጉ። ቄስ ታደሰ ጠበል ላኩ። ዘማቹ ሁለቱም አድኃሪ ነው ብሎ ተቆጣና፣ ዞር ብሎ ደግሞ ለልጁ ከረሜላ ሰጠው።

ዘሃራ ግን ሌላ ነገር ገባት። ይኸው ሦስት ዓመት ስሙን ስንጠራ የባለስሙን ሐቅ አላደረስንም አለች። ዱዓ ነው የሚገባው? ሻማ ነው? ምንድን ነው?

"የሰው ስም እየበላን ነው የተቀመጥን። ሂዱና ስም ያወጣለትን ሰውዬ አግኙልኝ። ባለስሙ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚሻ ጠይቁልኝ" አለችኝ።

አንቱ ነው የምትለኝ፤ የዚያን ቀን አንቱታዋ ግን ከዱላ ይከብድ ነበር። ሁለቱን ስንቀብር አላለቀሰችም። ያን ቀን አለቀሰች። ይኼኛው ከሞተ እሷም እንደማትተርፍ ፊቷ ላይ አየሁት። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? ልጄ በጠና ታሞ እኔ፣ የተማርኩት ሰውዬ፣ የስም ትርጉም ፍለጋ ከቤት ወጣሁ። በመንገድ ሁሉ ራሴን እየሰደብኩ ነበር፤ እግሬ ግን አልቆመም።

በሁለተኛው ቀን ወግዲ ደረስኩ። ገበያ ላይ በክፉ ቀን በመካነ ሰላም ያለፈ ረጅም ሙሄ ብዬ ጠየቅኩ። የቆላ ሰዎች ወዲያው አወቁትና ቤቱ ድረስ ወሰዱኝ። አያ ሙሄ ሰውነቱ ተመልሶለት፣ ደጃፉ ላይ ገመድ ሲገምድ አገኘሁት። ማን እንደሆንኩ ስነግረው አቅፎ ሊለቀኝ አልቻለም። ተቀመጥን። ጉሮሮዬን ጠረግኩና፣ ወሊይም ሰማዕትም ሊሆኑ ስለሚችሉ በአክብሮት ጠየቅኩ።

"ለመሆኑ ዘንበሮ ማን ናቸው?"

አያ ሙሄ ግራ ገብቶት አየኝ። ከዚያ በአገጩ ወደ ጓሮ አመለከተኝ። ዞር አልኩ። ሰው የለም። አንድ ያረጀ ዳለቻ በሬ ድርቆሽ ያላምጣል።

መልሼ አያ ሙሄን አየሁት። እየሳቀ አልነበረም።

"ሦስት ልጆቼን ከናታቸው ጋራ ቀብሬ ነበር ከቤቴ የወጣሁ" አለኝ። "ስም አውጡ ስትሉኝ አፌ ላይ የመጣው የነሱ ስም ነው። የሞተ ስም ለጨቅላ ይሰጣል? ወላሂ አይሰጥም። ከቤቴ በሕይወት የቀረ እሱ ብቻ ነበር፤ ሣር ይገኛል ብዬ ገደል ታች አማቴ ዘንድ ትቼው የመጣሁ። ያለኝን ስም ሰጠኋችሁ።"

ተነስቼ ወደ በሬው ሄድኩና እጅ ነሳሁ። ለምን? እንጃ! በስብሰባው ላይ ያጨበጨብኩለት እሱ ነዋ።

መመለሻው መንገድ ከመሄጃው ረዘመብኝ። ምን ብዬ ልንገራቸው? ሸህ ሰይድ ወሊዩን መንዙማ ውስጥ ማስገባት ጀምረዋል። ቄስ ታደሰ መጽሐፍ እያገላበጡ ቀኑን እየፈለጉ ነው። ዘማቹስ ግድ የለም፣ በሬም ጭቁን ነው ይለኝ ይሆናል። ስድስቱ እናቶችስ? "ልጃችሁ የበሬ ሞክሼ ነው" ይባላል? ከሁሉ በላይ ዘሃራ። ያችን ትንሽ ተስፋዋን ልነጥቃት ነው? ስለዚህ ውሸት ማዘጋጀት ጀመርኩ። ታላቅ አባት ናቸው፣ ትሑት ናቸው፣ ብዙ አይናገሩም ልላት ወሰንኩ። ሳስበው ውሸትም አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ቤት ደረስኩ። ልጁ ላብ አጥምቆት ተኝቷል፤ ትኩሳቱ ጠዋት ለቆት ነበር። ዘሃራ ግን አላመነችውም፣ እጇን ከግንባሩ አላነሳችም። ገና ከመግባቴ፣ "ባለስሙ አለ?" አለችኝ።

ማን ነው አላለችም። ምን ማለት ነው አላለችም። ወሊይ ይሁን ሰማዕት አልጠየቀችም። ያዘጋጀሁት ሁሉ ከአፌ ጠፋ።

"አለ" አልኳት። "ድርቆሽ እየበላ ነው የተውኩት።"

እኔን አየችኝ፣ ልጁን አየች፣ እንደገና እኔን አየችኝ። አሁን ምጣዱ ራሴ ላይ ሊያርፍ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

"አልሐምዱሊላህ" አለች። ያን ጊዜ ገና እጇን ከልጁ ግንባር አነሳች። ትንሽ አሰበችና የገበሬ ልጅ ናትና ቀና ብላ፣ "ጥርሱስ ደህና ነው?" አለችኝ።

አላየሁም። አራት ቀን ተጉዤ ጥርሱን ሳላይ መጣሁ! ዘሃራ ራሷን ነቀነቀችና፣ መማር ያልጠቀመው ሰው አለ ብላ ተነሳች። በማግስቱ ለባለስሙ አንድ አሞሌ ጨው አስይዛ መልሳ ወደ ወግዲ ሰደደችኝ።