የመቶኛው አፍንጫ ፉጨት

በኮሪያ ምድር ሰማዩ ሳይቀር ዝም የሚልበት ቀን አለ። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ተፈታኞች የእንግሊዝኛ ማዳመጥ ፈተና ሲወስዱ አውሮፕላን አይነሳም፣ አያርፍም፤ ሾፌርም ክላክስ አይነካም። መንግሥት ይህን ሁሉ ጸጥታ ያሰናዳው ለመምህር ታክ አፍንጫ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የሚሰማው እሱ ብቻ ነበርና።

የታክን አፍንጫ ቀኝና ግራ በሚከፍለው ግድግዳ ላይ ምስር የምታህል ቀዳዳ አለች። ከዓመታት በፊት አፍንጫውን ሊያቃና የገባ ሐኪም አቃንቶለት፣ ቀዳዳዋን በምርቃት ጨምሮለት ወጣ። ከዚያ ወዲህ ታክ አየር በሳበ ቁጥር ያፏጫል። አምና በፈታኝነት በቆመበት ክፍል የአንድ ተፈታኝ እናት፣ «ሦስት ጊዜ አፏጨ፤ ሦስተኛውን ምርጫ እየጠቆመ ነበር» ብላ ከሰሰችው። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ፍትሕ እንዳይጓደል ፉጨቱን ከመልሱ ጋር አመሳከረ። መልሱ አራት ሆኖ ተገኘ። ታክ ከክሱ ነፃ ወጣ፤ «ዘንድሮ አፏጭተህ ብትገኝ ከሥራ ትሰናበታለህ» የሚል ደብዳቤም ተጨመረለት።

የቀሩት ተስፋ ፕሮፌሰር ቦንግ ነበሩ። እኒህ ታላቅ ሰው ዘጠና ዘጠኝ የአፍንጫ ግድግዳ ደፍነው ዘጠና ዘጠኙም ሠምሮላቸዋል። መቶኛው ታክ ነው። ከጆሮው በላይ ካለው ጡንቻ ስስ ሽፋን ወስደው ቀዳዳዋን ጣፏት። ለሐኪሞች ጉባኤ የተዘጋጀው «መቶ ከመቶ» የሚል ጽሑፍ ቁስሉ ሳይደርቅ ታተመ።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ፕሮፌሰሩ ስድስት ሐኪሞች አስከትለው ሊያዩት መጡ።

«ተደፍኗል?» አሉ፣ አፍንጫውን ሳይሆን ሐኪሞቹን እያዩ።

«ተደፍኗል፣ ፕሮፌሰር።»

ታክ ተነፈሰ። አፍንጫው አፏጨ። ስድስቱም ጣሪያውን መመርመር ያዙ።

«ይቅርታ ፕሮፌሰር፣ ያፏጫል እኮ» አለ ታክ።

«የልማድ ድምፅ ነው፣ መምህር። አፍንጫዎ ድኗል፤ እርስዎ ነዎት ገና ያልሰሙት።»

ሌሎቹ ሲወጡ ዶክተር ሶል የተባለችው ሐኪም ወደ ኋላ ቀረች። ታክ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እውነቱን ይንገሩኝ፣ ዶክተር።»

«ከኋላ በኩል ትንሽ ተከፍቷል።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

«ፕሮፌሰሩ ቆመው እያሉ እኔ ልናገር?»

«ዘጠና ዘጠኙስ?»

«ያፏጩት ወደ ጆሮ ክፍል ተላኩ። ከዚያ በኋላ የጆሮ ሕመምተኛ እንጂ የእኛ አይደሉም።»

ታክ ቢያንስ ከፈታኝነት የሚያድን ማስረጃ ለመነ። ሆስፒታሉም ደግ ነውና በማኅተም ሰጠው፦ «ሙሉ በሙሉ ድኗል፤ ለማንኛውም ሥራ ብቁ ነው።» ርዕሰ መምህሩ ደስ ብሏቸው የማዳመጥ ፈተናውን ክፍል ሰጡት።

ቀኑ ደረሰ፤ አውሮፕላኖቹ ቆሙ። ታክ በአፉ ሊተነፍስ ሞከረ። የፊት ረድፍ ላይ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣችና በሹክሹክታ፣ «መምህር፣ እባክዎ አያለክልኩብኝ» አለችው። አፉን ዘጋ። ያን ጊዜ አፍንጫው ተራውን ተረከበ።

በሳምንቱ ፕሮፌሰር ቦንግ ትምህርት ቤቱ ድረስ መጡ። ልጅቷ የሳቸው ናት። ፉጨቱ አራት ጥያቄ አስቷት ዓመቱን ልትደግም ነው። አቤት ቢሉ ጽሕፈት ቤቱ የሆስፒታሉን ማስረጃ አገላብጦ፣ «የተደፈነ አፍንጫ አያፏጭም» ሲል ውድቅ አደረገባቸው።

«መምህር» አሉ፣ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው፤ «ቀዳዳው ክፍት መሆኑን ለጽሕፈት ቤቱ ይንገሩልኝ።»

«እርስዎ ለምን አይጽፉም?»

«እኔማ በመቶ ከመቶው ተሸልሜበታለሁ።»

ታክ ደብዳቤውን አሰበ። አፏጭቻለሁ ካለ ሥራው አበቃ።

«ፕሮፌሰር፣ እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ። የአንዲት ልጅ ጆሮ ሰማ ብዬ ይህን የመሰለ የሳይንስ ውጤት አላፈርስም።»

ይህን ሲናገር ሁለት ጊዜ አፏጨ። ፕሮፌሰሩ የሽልማት ሜዳሊያቸውን ደረታቸው ላይ አስተካከሉ፤ ምንም አልሰሙም።