ለጫንያለው ሥራ የተቀመጠው ለቅሶ

ተረቴን ሳልጀምር አንድ ነገር፤ የሚያዛጋ ካለ አሁኑኑ አዛግቶ ይጨርስ። ከጀመርኩ በኋላ አፍ የሚከፈተው ለሳቅ ብቻ ነው። እንግዲህ ስሙኝ።

ድሮ፣ በጣም ድሮ፣ እንስሳት እንደ እኛ ያወሩ በነበረበት ዘመን፣ ያውም እንደ እኛ ሳይጠየቁ ያወሩ በነበረበት ዘመን፣ ከአንድ ትልቅ ጫካ ጥግ አንድ አህያ ከሚስቱ ጋር ይኖር ነበር። የአህያው ስም ጫንያለው፣ የሚስቱ ደብሪቱ ነው።

ጫንያለው የዝንጀሮዎች ተቀጣሪ ነበር። የጫካው ገበያ የዝንጀሮዎቹ ነው፤ እህሉ የእነሱ፣ ሚዛኑ የእነሱ፣ ጩኸቱም የእነሱ። ሸክሙ ብቻ የጫንያለው ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ ከወንዙ ማዶ እህል እየጫነ ሲመላለስ ኖረ። ደመወዙ በየቀኑ አንድ ሸክም ድርቆሽ ነው። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ድርቆሹን ተሸክሞ ወደ ቤቱ ሲገባ አረማመዱን ብታዩት! ጆሮው ቀጥ፣ አንገቱ ሰገግ፤ ገበያውን ራሱ የገዛው ነው የሚመስለው።

ደብሪቱ ድርቆሹን ስትቀበል መጀመሪያ "ተመስገን" ትላለች። ከዚያ ከላዩ አንድ እቅፍ ታነሳና መሰላል ወጥታ ቆጡ ላይ ታስቀምጠዋለች። አህያ እንዴት አድርጋ መሰላል ትወጣለች የሚል ካለ፣ ስታወራ ዝም ብሎ የሰማ ስትወጣም ዝም ብሎ ይይ።

"አንቺ ሴትዮ፣" ይላታል ጫንያለው እያላመጠ፣ "እግዜርን ጠረጠርሽው እንዴ? የዛሬውን የሰጠ የነገውን ይነፍገናል?"

"እግዜርን መች ጠረጠርኩት። የምጠረጥረው ዝንጀሮዎቹን ነው።"

"ዝንጀሮዎቹማ ያለ እኔ አንድ ቀን አይውሉም!"

"እሱን ለእኔ ሳይሆን ለእነሱ ንገራቸው፣" ትልና ከመሰላሉ ትወርዳለች።

ታዲያ በየካቲት ወር፣ ሣሩ ደርቆ መሬቱ በተሰነጠቀበት፣ ደብሪቱም ነፍሰ ጡር በነበረችበት ጊዜ፣ የዝንጀሮዎቹ አለቃ ጫንያለውን አስጠራው። በፈገግታ ተቀበለው፤ እንዲያውም ጀርባውን ቸብ ቸብ አደረገለት።

"ጫንያለው፣" አለው፣ "አንተ ለእኛ ሠራተኛ ብቻ አይደለህም፤ ቤተሰብ ነህ።"

ጫንያለው ጆሮው በደስታ ቆመ። ምስኪን! እንዲህ ያለው ንግግር ምን እንደሚከተለው መቼ አወቀ።

"ከቆላ ግመል መጥቷል፣" ቀጠለ አለቃው። "የአራት አህያ ሸክም ለብቻው ይሸከማል። ውሃ እንኳ አይጠይቅም። አንተ ግን ምንጊዜም በልባችን ውስጥ ነህ።" አለና አንድ ወረቀት ሰጠው። በትልቁ ተጽፎበታል፦ ለሰባት ዓመት ታማኝ አገልግሎትዎ ከልብ እናመሰግናለን። ከሥሩ ክብ ማኅተም አለው።

ያን ዕለት ጫንያለው ወረቀቱን በጥርሱ ነክሶ ቤቱ ገባ። ደብሪቱ ወደ ጀርባው አየች፤ ባዶ ነው።

"ድርቆሹስ?"

"አመሰገኑኝ።"

"እህ?"

"አመሰገኑኝ አልኩሽ እኮ! በማኅተም ነው።"

ደብሪቱ ወረቀቱን አየች፣ ባሏን አየች፣ ቀና ብላ ቆጡን አየች። "ተመስገን፣" አለች።

ጫንያለው ይሄኔ ጦፈ። "በምኑ ነው ተመስገን? ቀልድ ያዝሽ እንዴ?"

"ቤትህ በሰላም ገባህ። ጀርባህ ደህና ነው። ቆጡም ሙሉ ነው። ሌላ ምን ትፈልጋለህ? በል ስማኝ፤ ቆጥበን ከበላን ያለው ድርቆሽ ዝናቡ መጥቶ ሣር እስኪበቅል፣ ይሄኛውም እስኪወለድ ያደርሰናል።" ሆዷን አሳየችው። "በማንም እጅ ተነክቶ ከጎደለ ግን አያደርሰንም። እኔ ካልበላሁ ወተት የለኝም፤ ወተት ከሌለኝ ውርንጭላው አይተርፍም። ገባህ?"

"ገባኝ፣" አለ ጫንያለው። እንደገባው ግን እንጃ።

በማግስቱ ጠዋት ደጁ ላይ ጩኸት ተሰማ። "ወይኔ ወንድሜን! ወይኔ ጎበዙን! ምነው ምነው ምነው!" የጎረቤታቸው የፍየሊቱ የይመናሹ ድምፅ ነው። ደብሪቱ ደንግጣ ወጣች።

"እትዬ ይመናሹ፣ ማን ሞተ?"

"ሥራው ነዋ! የጫንዬ ሥራ!" አለችና መሬት ላይ ተዘረጋች።

የዚያ ጫካ ደንብ ደግሞ እንዲህ ነው፤ ደጅ ላይ እሪታ ከተሰማ ማንም አልፎ አይሄድም። ገብቶ ይቀመጣል። እኩለ ቀን ሳይሆን ግቢው ጢም አለ። የእድሩ ዳኛ በሬው ቦራ ሆዱን እያስቀደመ መጣ፤ የአባቱን መስክ ወርሶ እስከ ወንዝ ድረስ ለብቻው የሚግጥ ጌታ ነው። ጅቦች ቤት የሚቀለበው ሙክትም እየተንፏቀቀ ደረሰ። ሌላውም ተከተለ።

ልብ በሉ፤ ለቅሶ የሚደርስ ጎረቤት እዝን ይዞ ይመጣል፣ ሐዘንተኛው በራሱ ቤት ጓዳ እንዳይገባ። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ግን ምን ብለው ተማከሩ መሰላችሁ? "እዝን ለሞተ ነው እንጂ ለተባረረ አይደለም።" ስለዚህ እዝኑን ተዉት። መቀመጡን ግን እንደ ሞተ ተቀመጡ። ማጽናናቱማ ምኑ ቅጡ!

"እግዜር ያጥናህ፣" አለ ቦራ፣ አረፋ እየደፈቀ። "ተመስገን በል። እምነት ይኑርህ። እኔ ስለ ነገ አስቤ አላውቅም፤ ሣሩ ራሱ ይበቅላል።"

"እኔንስ ብታዩኝ፣" አለ ሙክት። "አንድ ቀን ሠርቼ አላውቅም። ጠዋት ባቄላ፣ ማታ ጨው። ጅቦቹ በየሳምንቱ ጎኔን እየዳበሱ ጤንነቴን ያዩልኛል። እምነት ማለት ይሄ ነው።" ለምን እንደሚዳብሱት ጠይቋቸው አያውቅም።

ጫንያለው አቀርቅሮ ይሰማል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንግዶቹ ምራቃቸውን መዋጥ፣ ቤቱን መቃኘት ጀመሩ። ጫንያለው ተነሥቶ መሰላሉን ያዘ።

"ወዴት ነው?" አለች ደብሪቱ በሹክሹክታ።

"ባዶ አፋቸውን ይዋሉ? ጫንያለው ከተባረረ ወዲህ እንግዳ ማስተናገድ አቃተው ይበሉኝ?"

"ተባርረሃል እኮ!"

"ታዲያ እሱን ማሳየት አለብኝ?"

አወረደላቸው። በሉ። አለቀሱ። ደግሞ አወረደላቸው። ደግሞ በሉ። ይመናሹ ድርቆሹ ሲዘገይባት ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የምስጋና ወረቀት አውርዳ ከጥግ እስከ ጥግ በልታ ጨረሰችው። "አይከፋም፣" አለች፣ "ማኅተሙ ጋ ትንሽ ይመራል እንጂ።"

ሦስት ቀን አለፈ፤ የተነሣ የለም። አምስት ቀን አለፈ። እንዲያውም ከሩቅ ሰፈር ጫንያለውን አይተውት የማያውቁ "ወይኔ ወዳጄን" እያሉ መጡ። በሰባተኛው ቀን ቆጡ ግማሹ ባዶ ሆነ። ደብሪቱ ባሏን ጓሮ ጎትታ ወሰደችው።

"ሆዴን እየው፣" አለችው። "የማንን ቀለብ ነው የምታበላቸው?"

"እንስሳው ምን ይለናል?"

"ሲበላ ምንም አይልም! አፉ ሥራ ላይ ነው!"

ይህን ሲነጋገሩ ይመናሹ መሰላሉ ላይ ወጥታ የተረፈውን አየች። "እንዴ!" ብላ ጮኸች። "ይሄን ሁሉ ደብቃችሁ ነው እኛ የምናለቅስላችሁ?"

ወዲያው ስብሰባ ተጠራ። ቦራ ጉሮሮውን ጠረገ። "ምስጢሩ ተገኘ። ድርቆሽ የሚያከማች በእግዜር አያምንም። የዚህ ቤት ሥራ የሄደውም ለዚህ ነው። አሁን መፍትሔው አንድ ነው፤ ያለው በሙሉ ይውረድና የምስጋና ድግስ ይደገስ። እኛም እንበላለን፣ ማለቴ እንጸልያለን። በሦስተኛው ቀን ሥራው ይመለሳል።"

"ይደገፍ!" አለ ሙክት። እግር ይውጣ ተባለ። የሁሉም እግር ወጣ። ከሁሉ ቀድሞ የወጣው የማን እግር ይመስላችኋል? የጫንያለው! ሰው ፊት ኩሩ፣ ቤቱ ሲገባ ባዶ፤ እንዲህ ያለውን ባል አውቃለሁ የምትል ትኑር እንጂ ስም አትጥራ።

ደብሪቱ ተነሣች። ሆዷን ይዛ ቀስ ብላ መሰላሉን ወጣች። ቆጡ ላይ ስትደርስ ዞር አለችና መሰላሉን ወደ ላይ ሳበችው።

"ጋሼ ቦራ፣" አለች ከላይ ሆና፣ "አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የእድሩ ዳኛ እርስዎ አይደሉ?"

"ነኝ እንጂ።"

"ሰባት ቀን የተቀመጡት ለቅሶ ነው አይደል?"

"ምን ጥያቄ አለው! እንባዬን አታዪውም?"

"እንግዲያው የሞተ አለ ማለት ነው። የሞተ ካለ ደግሞ በደንባችን እድሩ ለሐዘንተኛው ቤት አርባ ቀን ድርቆሽ ያቀርባል። ዛሬውኑ ከእርስዎ መስክ ይጀመር። ከዚያ ከእትዬ ይመናሹ ጓሮ ይቀጥል። አቶ ሙክትም ባቄላውን ያምጣ።"

የሚያላምጠው ማላመጡን አቆመ።

"ቆይ ቆይ ቆይ፣" አለች ይመናሹ። "ማን ሞተ አለ?"

"አንቺ ነሻ! ደጄ ላይ መጥተሽ የጮኽሽው።"

"እኔ? እኔማ እየሳልኩ ነበር!"

ቦራ ተነሥቶ ወደ ጫንያለው ተጠጋና አሸተተው። "ይተነፍሳል፣" አለ ለጉባኤው።

"ጆሮውም ይንቀሳቀሳል፣" አለ ሙክት።

"ይንቀሳቀሳል ብቻ? እንዲያውም ወፍሯል!" አለች ይመናሹ። "ጫንዬ፣ እንኳን ለዚህ አበቃህ!"

"በሕይወት ላለ ለቅሶ መቀመጥ ሟርት ነው!" ብሎ ቦራ ተቆጣ፤ ማንን እንደተቆጣ አልታወቀም። "ተነሡ! ተነሡ! ሰውየውን እናስገድለው እንዴ?"

ሰባት ቀን ሙሉ ሲቀብሩት የከረሙ፣ ድርቆሽ አምጡ ሲባሉ ባንዴ ከሞት አስነሡት። በሩ ላይ ተጋፍተው ሲወጡ ቀንድና ቀንድ ተጠላለፈ።

ጫንያለው ባዶው ግቢ መሐል ብቻውን ቆመ።

"ሁሉም ሄዱ፣" አለ።

"ሄዱ።"

"አንዱ እንኳ ሥራ አይቼልሃለሁ ያለኝ የለም።"

ደብሪቱ መሰላሉን መልሳ አወረደችለት። ወጥቶ የቀረውን አየ፤ ከዚያ ሆዷን አየ፤ ከዚያ ጆሮው ወደ ታች ወደቀ። "አያደርስም፣" አለ።

"አያደርስም። አንድ ወር ይጎድለዋል።" አጠገቡ ተቀመጠች። "ስማኝ ጫንዬ። ዝንጀሮዎቹ ያባረሩት አንተን ነው እንጂ ጀርባህን አይደለም። ጀርባህ ይኸው እዚሁ ነው። ጉብታው ላይ ያሉት ዶሮዎች ምንጫቸው ደርቋል፤ ከወንዝ ውሃ የሚያወጣላቸው ይፈልጋሉ።"

"ለዶሮ ውሃ? እኔ? የገበያው አህያ?"

"ዶሮዎቹ በገለባ ይከፍላሉ። የገበያዎቹ በምን እንደከፈሉህ ፍየሏን ጠይቃት።"

በማግስቱ ጠዋት ጫንያለው ሁለት እንስራ ጭኖ ወጣ። መንገዱ በቦራ መስክ ዳር ነው የሚያልፈው። ቦራ አይቶት ሣቁን መያዝ አቃተው።

"ጫንያለው! ለዶሮ? ኧረ ጉድ! አይዞህ፣ እንጸልይልሃለን!"

"ጸልዩልኝ፣ ጋሼ። እዚያው ቤታችሁ ሆናችሁ፣" አለና አለፈ።

የመጀመሪያው ቀን ገለባ ለአንድ ጉርሻ የሚሆን ነበር። ጫንያለው ጀርባው ላይ አድርጎት ገባና ደብሪቱን አልጠበቀም። ራሱ "ተመስገን" አለ። ከትንሿ ላይ ቆንጠር አድርጎ መሰላሉን ወጣና ቆጡ ላይ አስቀመጣት። የደብሪቱ ጭራ ወዲህ ወዲያ አለ።

እንዲህ እያለ መጋቢት አለፈ፣ ሚያዝያ አለፈ። እሷ ድርቆሹን፣ እሱ ገለባውን። አንዳንድ ቀን እሱ "በልቻለሁ" ይላል፤ ውሸቱን ነው፤ እሷም ውሸቱን ታውቃለች፤ ግን ትበላለች፣ ለሁለት ነዋ። በግንቦት መጨረሻ ዝናቡ ወረደ። በሦስተኛው ቀን አንዲት ውርንጭላ ተወለደች፤ ጆሮዋ ከሰውነቷ የሚበልጥ፣ ከመወለዷ ወተት ፍለጋ የምትገፋ። ወተቱም ነበረ። ቆጡ ላይ የቀረው ለአንድ ቀን የሚሆን ድርቆሽ ብቻ ነበር፤ ደጅ ግን ሣሩ ወጥቷል።

ወሬው ሳይውል ሳያድር ደረሰ። "እልልልል!" ደጁ ላይ ይመናሹ ናት። "እንኳን ማርያም ማረችሽ!" ከኋላዋ ቦራ፣ ከቦራ ኋላ ያ ሁሉ አልቃሽ ተሰልፏል። እንደ ልማዳቸው ባዶ አፋቸውን ይዘው፣ ዓይናቸውን ቆጡ ላይ ተክለው።

ጫንያለው ወጣና በሩን በጎኑ ዘግቶ ቆመ።

"አየህ ጫንያለው?" አለ ቦራ፣ አንገቱን አስግጎ ወደ ውስጥ እያየ። "እምነት ይኑርህ አላልኩህም? ይኸው እግዜር አልተወህም!"

"አልተወኝም፣ ጋሼ ቦራ፣" አለ ጫንያለው፣ ከበሩ ሳይነቃነቅ። "እናንተ እስክትወጡ ነበር የሚጠብቀው።"