ገብስ ያስከለከለኝ ኃጢአት

እስቲ እውነቱን ንገሩኝ፤ ጨጓራዬን አመመኝ ስትሉ «በሶ ጠጣበት» ያላላችሁ ሰው አለ? እኛ ጋይንት የለም። ንፋስ መውጫ ሳስተምር ሦስት ዓመት ሙሉ ሆዴ ተቃጥሏል። ሦስት ዓመት ሙሉም በሶ ጠጥቻለሁ። ባቃጠለኝ ቁጥር እጨምራለሁ፤ በጨመርኩ ቁጥር ያቃጥለኛል። ሱሪዬ እየሰፋኝ ሲሄድ አከራዬ በሶውን እያወፈሩ ይበጠብጡልኝ ጀመር። እግዜር ይስጣቸው፣ በፍቅር ነው የፈጁኝ!

በመጨረሻ ወደ ከተማ ወርጄ ሐኪም ዘንድ ቀረብኩ። ደም ቀዱ፣ ካሜራ ያለው ቱቦ በጉሮሮዬ ሰደዱ፣ ከአንጀቴም ቅንጣት ሥጋ ወሰዱ። ወጣቱ ሐኪም ወረቀቱን እያገላበጠ ጨጓራዬ መቆጣቱን፣ ነገሩ ግን ከጨጓራ እንደሚያልፍ ነገረኝ። ሴሊያክ ይባላል አለ። ስንዴና ገብስ ስበላ የገዛ ሰውነቴ አንጀቴን ይዋጋል። በሽታው ገና ከተገኘባቸው ሰዎች መካከል ጨጓራቸውም አብሮ የሚቆጣ ጥቂት አይደሉም አለኝ። መድኃኒቱስ? ስንዴና ገብስ መተው። እስከ መቼ? እስከ ዕድሜ ልክ!

ሳቅሁ። ምን ላድርግ? የጋይንት ልጅ ገብስ ከተከለከለ ምን ይቀረዋል? ዳቦው ሄደ። ቆሎው ሄደ። ጠላው ሄደ። እንጀራችን እንኳ የገብስ ነው። «ጤፍ ትችላለህ» አለኝ ሐኪሙ፣ ርስት የሰጠኝ ያህል ደስ ብሎት።

ይሄ ሁሉ የሆነው እስቴ፣ እጮኛዬ ቤት ልሄድ ሁለት ሳምንት ሲቀረኝ ነው። ስመኝ ትባላለች። ሽማግሌ ተልኮ፣ እሺ ተብሎ፣ የቀረው እኔ ራሴ እናትና አባቷ ቤት ገብቼ ማዕዳቸውን መቁረስ ነበር። እዚያ ቤት ደግሞ ምግብ የመለሰ እንግዳ የተሳደበ ያህል ነው። ስመኝን እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምወዳት። በአንድ ቁራሽ ዳቦ እንዳላጣት ፈራሁ።

እሷም አስቀድማ «ጨጓራውን ያመዋል» ብላ ነግራቸው ኖሮ፣ እናቷ እትዬ ጥሩ ለሕመምተኛ የሚስማማ ለስላሳ ድፎ ዳቦ ጋግረው ጠበቁኝ። «በሞቴ!» ብለው ቁራሹን ወደ አፌ አስጠጉ። ገጠምኩ። «በስመኝ ሞት!» አሉ። ልቤ ተሰበረ፤ አፌ ግን አልተከፈተም። ጾም ነው እንዳልል ቀኑ ሐሙስ ነው፣ ያውም ፍስክ። ዳቦውንም ጠላውንም ሐኪም ዕድሜ ልክ ከልክሎኝ ነው አልኩ። አባቷ ጋሽ ታረቀኝ ግራ ገባቸው። ሐኪም በርበሬ ይከለክላል፣ አረቄ ይከለክላል፤ ዳቦ የሚከለክል ሐኪም ከየት መጣ? እኔ ደግሞ የባሰውን አደረግሁ። ቤቱን ላለማስቀየም ብዬ ዶሮ ወጡን ብቻውን፣ በማንኪያ በላሁት። አያችሁ ጥፋቴን? ጨጓራውን ያመዋል የተባለ ሰው ያን ቀይ ወጥ እንደ ሾርባ ሲጠጣ አዩኝ! ከዚህ በኋላ ማን ያምናል? ሆዴ እሳት ሆነ፤ እኔ ፈገግ አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ስመኝ ከበረቱ ጀርባ ጠራችኝ። ትስቅ ታለቅስ እንደሆነ ለራሷም አልገባትም። አባቷ ነገሩን ደርሰውበታል። ሕመም አይደለም፣ ቀኖና ነው፤ የንስሐ አባቴ የጣለብኝ ቅጣት ነው። ሆዱን የሚያመው ሰው በርበሬ አይነካም ብለዋል። አሁን የቀራቸው ኃጢአቱን ማወቅ ብቻ ነው። ዳቦና ጠላ ዕድሜ ልክ የሚያስከለክል ምን ዓይነት ኃጢአት ነው?

«አባዬ ሰው ገድሏል ይላል» አለችኝ። «እማዬ ግን ይሄ ልጅ ሰው አይገድልም ብላ ተሟግታልሃለች።»

ደስ አለኝ።

«ሌላ ሚስት ብትኖረው ነው እንጂ ትላለች።»

ለአባ ተክሌ፣ ለቤቱ የንስሐ አባት፣ መልእክት ተላከ። እሳቸው ካልመሰከሩልኝ ሠርግ የለም።

በማግስቱ ጠዋት መጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፊታቸው የገረጣ ሽማግሌ ናቸው። ግቢው ውስጥ ግንድ ላይ ተቀመጥን፤ ጋሽ ታረቀኝ በሩ ላይ ቆመው ጆሯቸውን ወደ እኛ ጥለዋል። ሁሉን ተናዘዝኩ፤ ማቃጠሉን፣ መነፋቱን፣ ክሳቱን፣ ቱቦውን። ወረቀቱንም አሳየኋቸው። አባ መጀመሪያ እንደ ዳኛ ነበር የሚጠይቁኝ። ቀስ በቀስ ግን አጠያየቃቸው ተለወጠ።

«የሚነፋህ ዳቦ ስትበላ ነው?»

«አዎ አባ።»

«በሶ ስትጠጣስ ይብስብሃል?»

«ይብስብኛል።»

«ጠዋት ስትነሣ ጉልበትህ ይከዳሃል?»

እንዴት አወቁ ብዬ ተደነቅሁ።

ተነሥተው እስከ በሩ ሄዱና «ልጁ ደምም የለበት፣ ሚስትም የለችው። ሕመምተኛ ነው። ልጅቱን ስጡት» አሉ። ጋሽ ታረቀኝ አገላብጠው ሳሙኝ። የእትዬ ጥሩ እንባ መጣ። «አዬ ልጄ፣ ለካ እውነትህን ኖሯል!» እያሉ ወደ ጓዳ ሮጡ። ይዘውልኝ የወጡትን ገምቱ። አንድ ስልቻ በሶ! ለጨጓራ ከዚህ የሚሻል የለም አሉ።

አባ ተክሌ ስልቻውን ሲያዩ ከእኔ ይልቅ ደንግጠው ወደ ኋላ አሉ። አውቶቡስ ልሳፈር ስወጣም እስከ አጥሩ ተከተሉኝ። ግራ ቀኝ አይተው እጅጌዬን ያዙ።

«ልጄ፣ ያን ሐኪም የት ነው የማገኘው?» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ይሄን የአንተን ኃጢአት እኔም ሳልሠራው አልቀርም።»