ሽልማቱ እኔ ነበርኩ

ትናንት ማታ ያየሁትን ሕልም ለጠላቴም አልመኝም። ሕልም እንደ ፈቺው ነው ይላሉ። እኔ ፈቺ አልፈልግም፤ የምፈልገው ቁጭ ብሎ ሰምቶ የሚፈርድልኝ ሰው ነው።

መጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳችሁ፣ አለበለዚያ እናንተም እንደ ባለቤቴ ትፈርዱብኛላችሁ። ስሜ መንበሩ ነው። ኮልፌ ልብስ ሰፊ ነኝ። የልብስ ሰፊ እጅና እግር ሥራ ላይ ነው፣ ጆሮው ግን ሥራ ፈት ነው። ስለዚህ ሃያ ዓመት ሙሉ ሬዲዮ ስሰማ ኖርኩ። መስማት ብቻም አይደለም፣ እደውላለሁ። ጥያቄና መልስ ያለበት ፕሮግራም ላይ «መንበሩ ከኮልፌ» ካልኩ ጋዜጠኞቹ ራሳቸው ይስቃሉ፣ ያውቁኛላ! ዣንጥላ አሸንፌያለሁ። እኔን የሚያህል ሁለት ሰው የሚያስገባ ካናቴራ አሸንፌያለሁ። የግድግዳ ሰዓት፣ አንድ ካርቶን ማካሮኒ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሴቶች ፀጉር ቤት በነፃ ሹሩባ መሠራት። መላጣ መሆኔን በስልክ አላዩ፣ ምን ያድርጉ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ግን ትልቁን አገኘሁት። እራት ለሁለት ሰው፣ ሙዚቃ ያለበት ትልቅ ሆቴል። እሑድ ነበር፣ ከቤት ነው የደወልኩት። ጥያቄው «ንብ ስንት ዓይን አላት?» የሚል ነበር። ባለቤቴ የንብ አርቢ ልጅ ናት፤ ከጓዳ ሆና «አምስት!» አለችኝ። እኔም «አምስት» አልኩ። ተጨበጨበልኝ። ከዚያ ጋዜጠኛው «ሰላም የሚሏቸው ሰዎች ካሉ ዕድሉን ልስጥዎ» አለኝ።

እንግዲህ እኔ በይሉኝታ ያረጀሁ ሰው ነኝ። አንዱን ጠርቼ ሌላውን ልተው? ከአከራዬ ከአቶ ዘርጋው ጀመርኩ። የእድራችንን ሊቀመንበር ጋሽ ውብሸትን ጠራሁ፤ ሉካንዳ ቤቱን ከነሠራተኞቹ፣ ሻርጃ ያለችውን የአክስቴን ልጅ፣ ክርና ቁልፍ የሚያመጣልኝን ነጋዴ ጠራሁ። ባለቤቴ ከጓዳ ወጥታ አጠገቤ ቆማ በጣቷ ስትቆጥር ነበር፣ አርባ አንድ ሰው ሆነ። እሷን አልጠራኋትም።

ምን አጠፋሁ? እስቲ ፍረዱ! ሰላምታ እኮ ለራቀ ሰው ነው። አጠገቤ ቆማ የምትሰማኝን ሴት በሬዲዮ «እንደምን ነሽ» ብላት ጎረቤት አብዷል አይለኝም? ይህንኑ ስነግራት «ከጠራሃቸው አርባ አንድ ሰዎች አንዱን መርጠህ እራትህን ብላ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ድምጿን አልሰማሁም። ምግብ ታቀርባለች፣ ሸሚዜን ታጥባለች፣ ትተኛለች። ቃል የለም። የእራቱ መጋበዣ ወረቀት ጊዜው የሚያልፈው ደግሞ ዛሬ ቅዳሜ ነው። ትናንት ማታ ንዴቴን ታቅፌ ተኛሁ።

በሕልሜ ሱቄን ልከፍት ስሄድ ሱቁ ቀድሞኝ ተከፍቷል። የስፌት መኪናዬ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ፣ ሜትሬን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ «ግባ፣ ሆድህ ተርፏል፣ እንቀንሰዋለን» አለኝ። ጥግ ላይ በገዛ እጄ የሰፋሁት ሱሪ ቆሞ ከላይ እስከ ታች አየኝና «ይሄ ሰው ለኔ አይሆነኝም፣ ሌላ አሳየኝ» አለው። አይ የሰው ልጅ ልፋት! ምን በወጣኝ ብዬ በሩን ወርውሬ ወጣሁ።

መንገዱ ላይ ጋዜጠኞች ከታክሲ ሰልፍ የረዘመ ሰልፍ ይዘው ቆመዋል። ሁሉም ስልክ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው «እባክዎ ያንሱልን፣ ከጠዋት ጀምሮ መስመር ማግኘት አልቻልንም» እያሉ ይለምናሉ። አንዲት አድማጭ በረንዳዋ ላይ እግሯን ሰቅላ «መስመሩ ተይዟል፣ ደጋግማችሁ ሞክሩ» አለቻቸው። እውነቱን ልናገር፣ እዚህ ላይ ደስ አለኝ። ይቅመሷት አልኩ።

ደስታዬ ሳያልቅ አንድ ሬዲዮ ከኋላዬ መጥቶ ጆሮዬን ያዘና ወደ ቀኝ ጠመዘዘው። ሳላስበው «በደጋማ አካባቢዎች ቀላል ዝናብ ይጠበቃል» አልኩ። ወደ ግራ ጠመዘዘው። በዋሽንት ድምፅ አለቀስኩ።

«ጥራት የለውም» አለው ሬዲዮው አብሮት ለመጣ ጓደኛው።

«በሕግ አምላክ! ጆሮዬን ልቀቅ!» ብዬ ጮኽኩ።

«ባትሪው ደክሞ ነው» አለ ጓደኛው። ጎኔን ሁለቴ በጥፊ መታኝ። አልሠራ ስለው ተሸክመው ቆርቆሮ ጣራ ላይ አወጡኝና ፀሐይ ላይ አሰጡኝ። አጠገቤ ሌሎችም የደከሙ ሰዎች ተሰጥተዋል። አንዱ ሽማግሌ «እኔ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እዚህ ነኝ፣ ለዜና ሰዓት ብቻ ያወርዱኛል» አለኝ። ሰው በአገሩ እንዲህ ይሁን? አንጀቴ አረረ።

እዚያው ጣራ ላይ እያለሁ ዣንጥላዬ መጣ። ፀሐዩ እንዳይነካው አንድ ወፍራም ሰውዬ እንደ ጥላ ከላዩ ዘርግቶ ይዟል። ከኋላው ካናቴራው ተከተለ፤ እሱም አንድ ቀጭን ሰው ለብሷል። የግድግዳ ሰዓቱ መጨረሻ ላይ እያነከሰ ደረሰ።

«አስታወስከን?» አለኝ ዣንጥላው።

«እንዴት እረሳችኋለሁ! ላቤን ጠብ አድርጌ ያሸነፍኳችሁ።»

«እኔን በማግስቱ ለአማትህ ሰጠኸኝ» አለ ዣንጥላው።

«እኔን ሰባት ዓመት ለአራት ሩብ ጉዳይ ላይ አቆምከኝ፣ አንድ ባትሪ ነፍገህ» አለ ሰዓቱ።

«እኔን የወለል መወልወያ አደረግከኝ» አለ ካናቴራው።

«እኔ መወልወያ ይዤ አላውቅም! የወለወለችብህ ባለቤቴ ናት!»

«ባለቤትህ ማን ትባላለች?» አለኝ።

«አንተ ምን አገባህ!» አልኩት። እውነትም ምን አገባው? ሦስቱም ተያዩ። ከዚያ ቀይ ሪባን አውጥተው ከአንገቴ እስከ ጉልበቴ ጠመጠሙብኝ። «ዛሬ ዕጣው ለኛ ነው። ሽልማቱ አንተ ነህ» አለ ዣንጥላው። ሃያ ዓመት ሽልማት ያመጣሁ ሰው እንደ ዘይት ጀሪካን በሪባን ልታሰር? ብፈራገጥም ቋጠሮው አልላላ አለኝ።

ወዲያው ስቱዲዮ ውስጥ ነበርኩ። መደርደሪያ ላይ በፍራሽና በጀሪካን ዘይት መካከል አስቀመጡኝ። ማይክራፎኑ ፊት አንዲት ገብስማ ዶሮ የጆሮ ማዳመጫ አጥልቃ ተቀምጣለች።

«ጤና ይስጥልኝ የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ ትርንጎ ነኝ» አለች ዶሮዋ። «የዛሬው ሽልማታችን አንድ መላጣ ልብስ ሰፊ ነው። ትንሽ ያገለገለ፣ ግን ገና የሚሠራ። ጥያቄው ቀላል ነው። የዚህ ሰው ሚስት ስም ማን ነው? መላሽ ከጠፋ ሽልማቱ ወደ ስፖንሰራችን፣ ወደ ማካሮኒ ፋብሪካው ይመለሳል።»

በሩ ላይ ነጭ ጋዋን የለበሰ አንድ ማካሮኒ ውሃ አፍልቶ ቆሟል። ጨው እየጨመረ ያየኛል። ቢሆንም አልፈራሁም። የአርባ አንድ ሰው ስም ጠርቼ የለ? አንዱ እንዴት ይጠፋል!

መጀመሪያ የደወለው ሬዲዮ ነበር። ድምፁ ያስተጋባል።

«እባክዎ ሰውዎን ይቀንሱልኝ» አለች ትርንጎ። አንድ ሰውዬ ከኋላ ሲያወራ ይሰማ ነበር፣ ጸጥ አለ። «አሁን ጥሩ ነው። መልሱስ?»

«መልሱን የሚያውቀው እሱ ነበር፣ ቀነስኩት» አለ ሬዲዮው። ስልኩ ተዘጋ።

ቀጥሎ አከራዬ ደወለ። «ዘርጋው ነኝ። መንበሩን በደንብ አውቀዋለሁ፣ በሬዲዮ ከሁሉ በፊት ስሜን ጠርቶኛል፣ ጨዋ ሰው ነው።»

«ሚስቱ ማን ትባላለች?»

«ሚስት አለችው እንዴ?» አለ። ዐሥራ አንድ ዓመት በሱ ግቢ ኖረን! ሴትዮዋ ደረጃውን ስትጠርግለት ኖራ!

ሦስተኛው ጋሽ ውብሸት ነበር። ጉሮሮውን ጠረገ፣ አሰበ። «የመንበሩ ባለቤት... የመንበሩ ባለቤት ነው የምትባለው። እድሩ መዝገብ ላይም እንዲሁ ነው የሰፈረችው።»

«አልተመለሰም» አለች ትርንጎ። ማካሮኒው አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገባ። ስልኩ ዝም አለ። ሉካንዳው አልደወለ፣ ሻርጃ አልደወለች፣ ክርና ቁልፍ አልደወለ። እነዚያን ሁሉ ሰዎች በአገር ፊት ከፍ ከፍ ያደረግኳቸው እኔ ነኝ፤ ለኔ ግን የአንድ ስልክ ጥሪ ሳንቲም አጡ። እናንተ ምድር ትብላችሁ! አልኩ በልቤ።

ያን ጊዜ ስልኩ ጮኸ።

«ሀሎ» አለ አንድ ድምፅ። ሦስት ሳምንት ያልሰማሁት ድምፅ ነው። ለካ እንዲያ ናፍቆኝ ኖሯል፣ ለራሴም አልነገርኩትም።

«ማን ልበል?» አለች ትርንጎ።

«ስሜ ይቆየኝ» አለች ባለቤቴ።

«ከየት ነው የሚደውሉት?»

«ከጓዳ።»

«ሰላም የሚሏቸው ሰዎች ካሉ ዕድሉን ልስጥዎ።»

«አመሰግናለሁ» አለች፣ ረጋ ብላ። «ውሃ ሲጠፋ ከቧንቧዋ የምትቀዳልኝን ሙሉነሽን ሰላም በይልኝ። ባለፈው ክረምት ሳል ይዞኝ ሲያስተኛኝ አጥሚት ያመጣችልኝን የበላይን እናት ሰላም በይልኝ። ገበያ ላይ ሽንኩርቱን ከፍ አድርጎ የሚመዝንልኝን ልጅ፣ ስሙን ጠይቄዋለሁ፣ አብዱልፈታህ ይባላል፣ ሰላም በይልኝ።»

እኔ እነዚህን ሰዎች አላውቃቸውም። ሳል ይዟት እንደነበርም አላውቅም። እሷ ግን ትቀጥላለች፤ ስም በስም ላይ ትደርባለች። የአባቷን ንቦች እንኳ ቀፎ በቀፎ ሰላም አለች። ተከትሎኝ የመጣው የግድግዳ ሰዓቴ ሰከንድ ቆጣሪ፣ ሰባት ዓመት የሞተው፣ በድንገት መሮጥ ጀመረ። አርባ ስትደርስ አንገቴን ከሪባኑ አስግጌ ጠበቅኩ። አሁን እኔን ትላለች አልኩ። አርባ አንደኛውም ሌላ ሰው ሆነ።

«ጨርሻለሁ» አለች።

«መልሱስ?» አለች ትርንጎ።

«መልሱን እሱ ይናገር። ካወቀው እወስደዋለሁ።»

«ሽልማቱ መናገር ይችላል» አለች ትርንጎ ላባዋን እየነፋች። «ዐሥር ሰከንድ።»

ይሄ ምን ጥያቄ ነው! ብዬ አፌን ከፈትኩ። «አንቺ!» አልኩ።

«አንቺ ስም አይደለም» አለች ትርንጎ።

ቤት ውስጥ «አንቺ» እላታለሁ፣ ሰው ፊት «ባለቤቴ» እላታለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት በነዚህ በሁለቱ ኖርኩ። ሌላውን ፈለግኩት። በሠርጋችን ቀን አውቀው ነበር፤ መታወቂያዋ ላይ አይቼዋለሁ፤ እናቷ ትጠራት ነበር። አፌን ስከፍት ግን ዘርጋው ወጣ። ውብሸት ወጣ። ሉካንዳው ከነሠራተኞቹ ወጣ። አለቀስኩ፤ በእውነት አለቀስኩ። በስልኩ ውስጥ ትንፋሿ ይሰማኛል፣ ትጠብቀኛለች። ማካሮኒው እግሬን ያዘ።

«ሦስት ሰከንድ» አለች ዶሮዋ፣ ክንፏንም ወደ ስልኩ ዘረጋች።

ልትዘጋባት ነው! ያኔ ክብሬን ሁሉ ጣልኩት። «ትርንጎዬ!» ብዬ ጮኽኩ። «ትርንጎዬ፣ እኔ ልሙትልሽ፣ አትዝጊው! የኔ እመቤት፣ ትንሽ ጨምሪልኝ! ትርንጎዬ! ትርንጎ...»

ነቃሁ። ነግቷል። ብርድ ልብሱ እንደ ሪባን ተጠምጥሞብኝ ላብ አስጥሞኛል። ባለቤቴ አልጋው ጫፍ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ታየኛለች፤ መቼ እንደተነሳች እግዜር ይወቅ። ከንፈሯ ተላቀቀ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ልትናገረኝ ነው ብዬ የደስታ እንባዬ መጣ።

«ትርንጎዬ ማናት?» አለችኝ።

«ዶሮ ናት» አልኳት።