የማይሄደው ትራም

ለንደን ውስጥ የማታውቁትን ሰው ሰላም ማለት ምን ያህል እንደሚያስደነግጠው ካላያችሁ ገና አገሩን አልገባችሁም ማለት ነው። እዚህ ሰው ከሰው የሚነጋገረው ባቡር ሲዘገይና የሰው ውሻ ዓይኑን ሲማርከው ብቻ ነው። እኛም ለምደነው ስልካችን ላይ አቀርቅረን እንኖራለን። ሰላም ነው።

አጎቴ ጋሽ ወርቁ ግን አልለመዱም። ባለቤታቸው፣ አክስቴ፣ ካረፈች በኋላ ብቻቸውን ከሚሆኑ ብዬ ከአገር ቤት ወደ ለንደን ዳርቻ፣ ክሮይደን፣ እኔ ዘንድ አመጣኋቸው። ጠዋት ጠዋት ትራም ሲሳፈሩ ባርኔጣቸውን ከፍ አድርገው ተሳፋሪውን በሙሉ ሰላም ይላሉ። የሚመልስ የለም። አንዱ እንዲያውም የሚለምኑ መስሎት ኪሱን ዳበሰ። የዚያን ዕለት፣ «ልጄ፣ ትኬቴን ቁረጥልኝ፤ የእግዜር ሰላምታ በሚነፈግበት አገር አልኖርም» አሉኝ። እዚያ ማን ይጠብቃቸዋል? ደግሞስ እኔ ከማን ጋር ራት ልበላ ነው?

ማባበያ ቢጠፋኝ አሮጌውን ለንደን ላሳያቸው ብዬ ኮቨንት ጋርደን ወሰድኳቸው። ድንጋይ በተነጠፈበት መንገድ፣ በድሮው አትክልት ተራ አዞርኳቸው። ይደነቃሉ ብዬ ስጠብቅ «እግሬን አመመኝ» አሉ። ለማረፍ ሙዚየም ገባን። እዚያ ባለ ፎቅ አሮጌ ትራም ቆሟል፤ መቀመጫው፣ ደረጃው፣ እጀታው ሁሉ በቦታው ነው። የሌለው ጉዞ ብቻ ነው። ጎብኚዎች ተቀምጠውበታል። ጋሽ ወርቁ ገቡና ባርኔጣቸውን አነሡ።

«ጉድ ሞርኒንግ!»

እኔ በኀፍረት ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

«ጉድ ሞርኒንግ!» አለ ትራሙ በሙሉ።

አጠገባቸው የተቀመጡት እንግሊዛዊት ባልቴት፣ እናታቸው በእንዲህ ያለው ትራም ትኬት ቆራጭ እንደነበሩ ያወጓቸው ጀመር። ጋሽ ወርቁም በተማሪ ቤት እንግሊዝኛቸው ስለ አክስቴ አወሩላቸው፤ ለእኔ እንኳ ያልነገሩኝን። ሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ይባል የለ? ታዲያ መድኃኒቱ የሚገኘው ማንም በማይቸኩልበት ነው። የማይሄድ ትራም ላይ ማን ይቸኩላል! ሲለያዩም ለቅዳሜ ተቀጣጠሩ።

የአገር ቤቱን ትኬት መቁረጡ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤት አይገኙም። ባለፈው ሳምንት ብቻዬን ብሆን ምሳ ልጋብዝዎት ብዬ ደወልኩላቸው።

«አሁን ትራም ላይ ነኝ፣ ሰው እያዋራሁ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ለሌላ ቀን ቀጠሮ እንያዝ።»

ቀጠሮ! ለንደንን እንዲህ ፈጥኖ የለመደ ሰው አላየሁም። ምሳዬን ብቻዬን በልቼ በሚሄደው ትራም ተሳፈርኩ። ቀና ብል ሁሉም አቀርቅሯል። ምነው አንድ ሰው ሰላም ባለኝ ብዬ ተመኘሁ። እኔ እንዳልጀምር ባርኔጣ የለኝም።